የዘር ሐረግ ፍለጋ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የዘር ሐረግ ፍለጋ የአንድን ሰው ወላጆች፣ አያቶችና ቅድመ አያቶች ከቃል ትውፊትና ከመዝገብ ለይቶ ማወቅ ነው። በአውሮፓ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ስም፣ ከደብር መዝገብ ወይም ከመኳንንት አርማ ይነሣል። በኢትዮጵያ ግን የሚወረስ የቤተሰብ ስም አልተለመደም፤ ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ ይጠራል። መኳንንቱም ማኅተምና ማዕረግ እንጂ የአውሮፓ ዓይነት የቤተሰብ አርማ አልነበራቸውም። ራስና ደጃዝማች በሹመት የሚገኙ ስለነበሩ ማዕረግ ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም።

በኦሮሞ ዘንድ ትውልድ በጎሳ ይቆጠራል። ሆኖም በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ፣ ወይም በሞጋሳ ወደ ጎሳ የገባ ሰው፣ የተቀበለውን ቤት ሐረግ ይቆጥራል፤ በቃል የሚነገረው አባት ሁልጊዜ የሥጋ አባት ነው ማለት አይቻልም። በአማራ ዘንድ ደግሞ ለጋብቻ «ሰባት ቤት» ይቆጠር ነበር፤ የርስት ክርክርም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የዘር ቆጠራን በሕይወት አቆይቷል።

== የጽሑፍ ማስረጃ ==

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ በቁጥር 3361 አፈጻጸሙ እንዲቆይ ተደረገ። መዝገቡ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የሚቀሩት የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የቀበሌ ነዋሪዎች መዝገብና የፍርድ ቤት ፋይል ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው የወራሽነት ፋይል ነው፦ አመልካቹ ሟቹንና ልጆቹን ይዘረዝራል፣ ተቃዋሚ ካለ ደግሞ የተረሳው ልጅ ስም ይወጣል። ሙስሊም ቤተሰቦች በውርስ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስለሚሄዱ ያም መታየት አለበት።

== የአዳማ ልዩ ሁኔታ ==

አዳማ በጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአቅራቢያዋ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሁለቱም ከሩቅ አገር ሠራተኛ ስለሳቡ የብዙ ነዋሪ አያት መዝገብ፣ ካለ፣ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። በቀድሞ ወረቀት ከተማዋ ናዝሬት፣ ባቱ ዝዋይ፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብለው ይገኛሉ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ የተጻፉ ሰነዶችም ያሳስታሉ፤ በፓስፖርት ላይ በ«ቲ» የሚጀምረው ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል። የክርስትና ስም ከዓለማዊው ስም ስለሚለይ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ሲፈለግ ሁለቱም ስሞች ያስፈልጋሉ።