መቀሌን ያስለቀቀው ውሃ

መቀሌ የወንዝ ዳር ከተማ አይደለችም። ለአንድ ቀን ጎራ የሚል እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ገበያውና ወደ ሰማዕታት ሐውልት ይወሰዳል፤ ውሃ ዳር የሚወስደው የለም። ጎንደር ቀሃና አንገረብ አሏት፤ የፋሲል መዋኛ እንኳ የሚሞላው ከቀሃ ነው። መቀሌ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምት ሲሞሉ በጋ በሚከሱ ጅረቶች የምትጠጣ ከተማ ሆና ነው ያደገችው። ይህን አይቶ የከተማዋን ታሪክ በቤተ መንግሥቱ ብቻ መተረክ ይቀላል። ሆኖም በመቀሌ ምድር ከተደረጉት ውጊያዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የ1888ቱ ከበባ የተቋጨው በግንብ ሥር ሳይሆን ከግንቡ በታች ባለ ሸለቆ ውስጥ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝትም ቢሆን ይህን ሸለቆ ከዘለለ ዋናውን ነገር ዘሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ የኢጣሊያዊው ሻለቃ ቶዘሊ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ የኢጣሊያ ቀዳሚ ይዞታ መቀሌ ሆነ። ሻለቃ ጁሴፔ ጋሊያኖ የእንዳየሱስን ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ አጥሮ ምሽግ አድርጎት ነበር፤ ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ይዟል፣ አብዛኛው ለኢጣሊያ የሚያገለግል የኤርትራ ወታደር (አስካሪ) ነው። የቦታው ምርጫ ለመድፍ ግሩም ነው፤ ዙሪያውን ያሳያል፣ አጥቂውን ዳገት ያስወጣል። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል፤ ምንጩ ከምሽጉ ውጭ፣ ቁልቁል ነበር። የዐፄ ምኒልክ ጦር ደርሶ በተደጋጋሚ ግንቡ ላይ ዘመተ፤ በእሾህ፣ በሽቦና በጥይት እየተመታ ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ምክሩን ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ግንቡን ትታችሁ ውሃውን ያዙ አሉ። 900 ያህል የእቴጌይቱ ሰዎች በሌሊት ወርደው ምንጩን እንደያዙ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ጥይት ሳይሆን በምሽጉ ውስጥ የቀረው ውሃ ሆነ። ወሩ ጥር ነበርና ዝናብ የሚጠብቅ አልነበረም። ጋሊያኖ በዚያው ወር አጋማሽ ራስ መኮንን በመሩት ድርድር ሰዎቹንና መሣሪያውን ይዞ ምሽጉን ለቀቀ።

የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ለቤተ መንግሥት ያደሩ ናቸውና ድሉን ለእቴጌይቱ መስጠታቸው ማሞገሻ ሊሆን አይችልም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እቴጌይቱን ለማሞገስ ምንም ምክንያት ያልነበራቸው ኢጣሊያውያንም የሚተርኩት ያንኑ ጥም ነው፤ ጋሊያኖን ያሞገሱትና ማዕረግ የጨመሩለት ያን ችሎ በመቆየቱ ነው። ተቃራኒ ወገኖች በአንድ ነገር ሲስማሙ የታሪክ ጸሐፊ ሊያምናቸው ይገባል። ሌላ ምስክርም አለ፦ ምኒልክ ከእንጦጦ ሲወርዱ አዲስ አበባ በፍልውሃ ዙሪያ የተቆረቆረችው በጣይቱ ምርጫ ነው። ውሃ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ መለየት ለእቴጌይቱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የቁጥር ነው። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት አንድ ሺህ ሰው ያለበትን ምሽግ ዞሮ ዞሮ መያዙ አይቀርም፤ ምንጩ ቢያፈጥነው እንጂ ውጤቱን አልለወጠም ይባላል። ይህ አነጋገር የሠራዊቱን ሆድ ይረሳል። የዘመቻው ጦር ስንቁን ይዞ፣ ሲያልቅበት ከአገሩ እየወሰደ የሚኖር ነው፤ አንድ ቦታ ብዙ በቆየ ቁጥር አካባቢውን ይበላና ራሱ ይራባል። ጋሊያኖም የተማመነው በዚህ ነው፤ ለተከበበ ጦር ማሸነፍ ማለት መቆየት ነበር። ምንጩ ሲያዝ ሰዓቱ በተገላቢጦሽ መቁጠር ጀመረ፤ ስንቅ ለምኒልክ ሳያልቅ ውሃ ለጋሊያኖ አለቀ። ውጤቱን ያልለወጠ ነገር ሰዓቱን እንዲህ አይገለብጥም። ጦሩን በሰላም መልቀቅ ስህተት ነበር የሚሉም አሉ፤ የተለቀቀው ጦር አድዋ ላይ መልሶ ተዋግቷልና። እኔ ግን ስህተት አልለውም። ምኒልክ ተሸኚዎቹን ይዘው ወደ ሐውዜን ሲያቀኑ፣ በእነሱ ምክንያት የኢጣሊያ ጦር ሊያጠቃቸው ስለማይደፍር ሠራዊታቸውን በሰላም አንቀሳቅሰዋል፤ ጋሊያኖም የካቲት 23 አድዋ ላይ ወድቋል።

የቀረው የጎብኚው ጥያቄ ነው፦ ቁልቁል ወርጄ ምን አያለሁ? እውነት ነው፤ በኢጣሊያዊው ባለሙያ በናሬቲ እጅ የተሠራው የ1870ዎቹ የዮሐንስ ቤተ መንግሥት ዓይን ይይዛል፣ ሸለቆ አይይዝም። ኮረብታው ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ ተማሪ ሲመላለስበት ከበባው ላይታሰብ ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ላይ ቆሞ ምሽጉና ምንጩ ምን ያህል እንደሚራራቁ በዓይን መገመት የትኛውም መጽሐፍ የማይሰጠው ማስረጃ ነው፤ ለዚያም ከክረምት ይልቅ ጥር ይሻላል፣ ምድሩ ያኔ የነበረበትን ድርቀት ያሳያልና። የከተማዋ ውሃ ዛሬም ከውጭ ይመጣል። አብዛኛው የሚቀዳው ከዓይናለም ጉድጓዶች በመብራት በሚሠራ ፓምፕ ነው፤ በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር መብራት በተቋረጠ ሰሞን ቧንቧዎችም ደርቀዋል። የመቀሌ ከበባ በትምህርት ቤት ሲነገር የአድዋ መንደርደሪያ ሆኖ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ ከተማዋ በምን እንደምትያዝና በምን እንደምትለቀቅ የሚያሳየው ግን እሱ ነው።