የመሸበት እንግዳ ማደሪያ፦ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ታሪክ በአጭሩ



በአገራችን መንገደኛ መሽቶበት ከሰው ደጅ ሲቆም «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። የቤቱ ባለቤትም ደኅና ሰው ከሆነ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። ከተማችን አዋሽ ሰባት ኪሎም የቆመችው በዚሁ ልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቆረቆራት ባቡሩ ሲሆን ያሳደጋት ደግሞ የባቡሩ እዚህ ማደር ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ እስቲ ከሥሩ እንመልከተው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ውል የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ማስገባቱም ንጉሠ ነገሥቱን አላስደሰተም። በ1900 ዓ.ም. ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ውል ተሰጥቶ፣ ሌላ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመና ሥራው ቀጠለ። ሐዲዱ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ፣ በመተሐራና በሞጆ በኩል አድርጎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ግን ይህን ለማየት አልታደሉም፤ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። የመንገዱ ርዝመት በጠቅላላው ወደ 780 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ የወረደውም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት፣ ከቁጥቋጦና ከገደል በቀር ብዙ ነገር ባልነበረበት በዚህ ሐሩር ቦታ፣ ማታ ማታ አንድ ባቡር ሙሉ ሰው እራትና መኝታ ይፈልጋል። አቅም ያለው በጣቢያው ሆቴል፣ ፈረንጆቹ ቡፌ ደ ላ ጋር በሚሉት፣ ያድራል። የሌለው ደግሞ የሚቀምሰውንና ጎኑን የሚያሳርፍበትን ከሰፈር ይፈልጋል። ታዲያ ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚጋግር፣ ሻይ የሚያፈላ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ሐዲድ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። የአገሩ ባለቤት አፋሩ፣ ከረዩውና አርጎባው ባለበት ላይ ከየማዕዘኑ የመጣው ሠራተኛና ነጋዴ ተጨመረ። ዛሬ በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠን የምንላቀሰው ሰዎች የተገናኘነው በዚህ መንገድ ነው።

ጣቢያው የአገር መከራም አልፎበታል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ሄደ። ወንዙ ግን የነጻነቱን ጦር አላስቆመውም፤ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ሞተሮች መጡ፤ ጉዞውም እያደር ፈጠነ። ባቡሩ አዋሽ ማደሩን ተወ፤ መቆሙን ግን አልተወም። ሲቆም ገበያው ይደምቃል፤ ሲሄድ ከተማው ጭር ይላል። የከተማው ሰዓት ባቡሩ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እሑድ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ፈጣን ባቡር እዚሁ አዋሽ አጠገብ ከድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ እንደሆነ ተነግሯል። 400 ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ብዙ መቶ ሰው ቆሰለ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ዕድር የሚሠራው በስም መዝገብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙ ያለ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋለታል። መንገደኛ ግን መዝገቡ ሌላ አገር ነው። አልቃሹም፣ ቀባሪውም፣ ድንኳኑም ከሄደበት ወይም ከመጣበት ይቀራል። ለዘመናት እንግዳ ስታሳድር የኖረች ከተማ፣ በደጇ ለሞተው እንግዳ ቢያንስ መታሰቢያ አይገባትም ትላላችሁ?

ከዚያ ወዲያ ባቡሩ እየደከመ ሄደ። ሐዲዱና ድልድዩ አረጀ፤ የጭነት መኪናም ሥራውን ወሰደበት። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ተመረቀ። አዋሽም አዲስ ጣቢያ አገኘች፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመርም የሚነሣው ከአዋሽ ነው። ይኸ ደስ ይላል። ነገር ግን አዲሱ ባቡር አያድርም፤ ከአሮጌው ጣቢያ ደጅም አይቆምም። የድሮውን ነገር ባቡሩ ራሱ ያስታውሰናል ብለን መቀመጥ አንችልም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤያችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በባቡሩ የሠሩ አረጋውያን አባሎቻችን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን ይንገሩን፤ ጸሐፊያችንም ይመዝግበው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ጥር 5 ቀን ስማቸው በመዝገባችን ለሌለው ለእነዚያ መንገደኞች የቻልነውን ያህል ዝክር እናውጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንደየሃይማኖቱ ይጸልይ። ወጪው ብዙ አይደለም። የመሸበትን እንግዳ ማሳደር ያባቶቻችን ሥራ ነበር፤ ማስታወስ ደግሞ የእኛ ነው።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ለቆምነውም ዕድሜና ጤና ይስጠን።