ደቦና ትእዛዝ፦ የትናንሽ ግድቦች ታሪክ በደቡብ ጎንደር ደጋ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ የሚገኘው የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የውኃ ማካፈያም ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በሌላው ወገን የሚፈሱት ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ተከዜ፣ ከፊሎቹ ወደ ዐባይ ሸለቆ ያመራሉ። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ውኃ በሚያፈልቅ ተራራ ዙሪያ ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እብናት በድርቅ ከሚታወቁት የአገራችን ወረዳዎች መካከል ናቸው። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥልና፣ ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩን ጠርጎ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህም በዚህ አገር የግድብ ታሪክ ማለት የክረምቱን ውኃ ለበጋ የማቆየት ታሪክ ማለት ነው።

ገበሬው ውኃን መግራት የጀመረው መሐንዲስ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ ወንዙን ይጠልፋል፤ ቦዩንም በደቦ ይጠርጋል። ተራ የሚያስይዝና ጠብ የሚዳኝ «የውኃ አባት» ይመርጣል። ጠለፋውን በየክረምቱ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ደንቡን ግን አይወስደውም። በሚቀጥለው ዓመት ያው ደንብ ያንኑ ጠለፋ መልሶ ያቆመዋል።

የደብረ ታቦር አካባቢ ሌላም ዓይነት የጉልበት ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ ገደል እየተናደ መንገድ ተሠርቶለታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዘመኑ ታዛቢዎች ጽፈዋል። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ዓላማው ግን የአዛዡ እንጂ የሠራተኛው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የተከናወነው የሕዝብ ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ፣ በደቦና በትእዛዝ መካከል ሲዋልል ኖሯል።

ከ1965ቱና ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ የአፈርና የውኃ ጥበቃ የመንግሥት ዐቢይ ተግባር ሆነ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እህል ለሥራ እየተከፈለ በደጋው ብዙ እርከን ተሠራ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ ያንኑ እርከን የሠሩት እጆች አፈረሱት። እርከኑን የመንግሥት፣ እህሉን የራሳቸው አድርገው ቆጥረውት ነበርና።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በትግራይና በአማራ ክልሎች ለዘላቂ ግብርናና ለአካባቢ መልሶ ማቋቋም የሚሠሩ ኮሚሽኖች ተመሠረቱ። የትግራዩ በ10 ዓመት 500 ትናንሽ ግድቦች ለመሥራት አቅዶ ተነሣ፤ የተሠሩት ከዕቅዱ አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በደለል፣ በስርገትና በመጪ ውኃ ማነስ እንደተቸገሩ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አሳይተዋል። በደቡብ ጎንደርም በፋርጣ የሰላምኮ፣ በደራ የሺና የአፈር ግድቦች ተሠርተው ለመስኖ ውለዋል። ደለል ምን ያህል ፈጥኖ ግድብን እንደሚያስረጅ ለመረዳት ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የተሠራውን የአንገረብ ግድብ ማየት ይበቃል።

ችግሩ በከፊል የሙያችን ነው። የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ዐለት ያለበቂ ምርመራ መሠረት ከሆነ ውኃውን ያሳልፋል። የፍሰት መለኪያ በሌለበት ጅረት ላይ የተሰላ የውኃ መጠንም ግምት ከመሆን አያልፍም። ከፊሉ ግን ከሒሳባችን ውጭ ነው። በመስኖው የሚጠቀመው ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ ነው፤ ደለሉ የሚመጣው ግን ከበላይ ካለው ማሳ ነው። የበላዩ ሰው ማሳውን እንዲከትርና የግጦሽ መሬቱን እንዲከልል እየተጠየቀ፣ ከውኃው ድርሻ የለውም። ደቦ ብድር ነው፤ ዛሬ የሠራሁልህ ነገ ይሠራልኛል ብሎ ነው። ብድሩ የማይመለስበት ሥራ ስሙ ደቦ ቢባልም ትእዛዝ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ ወራት የሚደረገው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሥራን ከሸለቆው አፍ ሳይሆን ከተራራው ራስ በመጀመሩ ከቀድሞው ይሻላል። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተነደፈው የርብ ታላቅ ግድብ እንኳ ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም፤ የእርሱም ዕድሜ በጉና ተዳፋት ላይ ይወሰናል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለባለሙያዎች የሚተርፈን ትምህርት ግልጽ ነው። የግድብ ንድፍ ከመጠናቀቁ በፊት የውኃ አባቱ ሊመረጥ፣ የበላዩና የበታቹ ገበሬም በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ድርሻቸውን ሊወስኑ ይገባል። የበላዩ ድርሻ መኖ፣ ዛፍ ወይም ከመስኖው ገቢ የሚከፈል ሊሆን ይችላል፤ ዋናው መኖሩ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ጉልበቱን አልነፈገንም። በዕቅዱም ላይ ድምፁን ብንጠይቀው፣ የሠራነውን የሚጠብቅልን እርሱ ነው።