የብርሃን ሳምንትና የጧፉ ፈትል

ታኅሣሥ 14 ቀን የሚጀምረው ሳምንት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ስም አለው፤ «ብርሃን» ይባላል። ከእርሱ በፊት፣ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው «ስብከት»፣ ከእርሱ ቀጥሎ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ያለው ደግሞ «ኖላዊ» ነው። በስብከት ነቢያት ስለሚመጣው መድኃኒት የተናገሩት ይታሰባል። በብርሃን ያው መድኃኒት በጨለማ ለተቀመጠው ሕዝብ የወጣ እውነተኛ ብርሃን እንደሆነ ይዘመራል። በኖላዊ የጠፉትን በጎች የሚሰበስብ እረኛ ተብሎ ይጠራል። ከእነዚህ በኋላ ነው ልደት የሚመጣው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን የምንጾም ብዙ ነን፤ ስለ በዓሉ ዶሮና ስለ በጉ ዋጋም ከወር በፊት እንነጋገራለን። ስለ ብርሃን ሳምንት ግን በዕድር ቤትም ሆነ በቡና ላይ ሲወራ እምብዛም አልሰማም። በዚህ ዕትም ስለ እርሱ ለመጻፍ የመረጥኩት ለዚህ ነው። በማኅበራችን የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁ እኅቶችም አላችሁ፤ ነገሩ ከጧፍና ከፈትል ጋር ስለሚገናኝ የእናንተም ታሪክ አለበት።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጨለማው የቱ ነው የሚለው ይመስለኛል።

የአውሮፓ ገና በክረምቱ ጨለማ መካከል የሚውል በዓል ነው። በእነርሱ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ አርፍዳ ወጥታ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ሌሊቱ ረዝሞ ረዝሞ የሚያበቃበት፣ ቀኑም ማደግ የሚጀምርበት ዕለት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ንጉሡ ኦሬሊያን በ274 ዓ.ም. (እዚህ ላይ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) «የማይሸነፈው ፀሐይ» ለሚባለው አምላክ በሮም ቤተ መቅደስ አሠራ። በ354 ዓ.ም. በሮም በተዘጋጀ አንድ መዝገብ ውስጥ ዲሴምበር 25 በአንዱ ገጽ የዚያ ፀሐይ ልደት፣ በሌላው ገጽ የክርስቶስ ልደት በቤተ ልሔም ተብሎ ሰፍሯል። አንድ መዝገብ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ልደት። ከዚህ ተነስተው ክርስቲያኖች የፀሐይን በዓል ወስደው የክርስቶስ አደረጉት የሚሉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። የክርስትና ሰባኪዎችም ቢሆኑ ከፀሐይ በላይ ያለ ብርሃን ተወለደ ብለው ለማስተማር አጋጣሚውን ተጠቅመውበታል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ግን ይህ ሁሉ አይገጥምም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ረጅሙ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ገበሬ ልብ ሊለው ይችላል እንጂ ማንንም አያስፈራም። የእኛ የጨለማ ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ደመናው፣ ጭቃው፣ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ። እሳት የምናነደውም በዚያው ዙሪያ ነው። የቡሄው ችቦ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ፣ የመስቀል ደመራ ሁሉ ክረምቱን ለመሸኘት የተሰለፉ ይመስላሉ። ታኅሣሥ ግን አጨዳና ውቂያ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ የሚቆጠርበት ወር ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በታኅሣሥ 14 «ብርሃን» ብለው ሲቆሙ ፀሐይዋ ተመለሰች ለማለት አይደለም፤ ፀሐይዋማ የትም አልሄደችም። የሚዘምሩለት ጨለማ በሰው ውስጥ ያለውን ነው፤ አለማወቅን፣ ኃጢአትን፣ ሞትን፣ ተስፋ መቁረጥን። እኔ በበኩሌ ይህ የእኛን የብርሃን ሳምንት ከሌሎቹ ይልቅ የጠራ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከአየር ጠባይ ጋር የሚያምታታው ነገር የለም።

ቀኑ ራሱ እንዴት ታኅሣሥ 29 ሆነ የሚለው ደግሞ ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ነው። ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ስሌት የሚነሳው ከጽንሰት ነው። ጽንሰት መጋቢት 29 ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ቁጠሩ። መጋቢት 29 እስከ ነሐሴ 29 አምስት ወር፣ 150 ቀን። ከነሐሴ 29 እስከ መስከረም 29፣ አምስቷ ጳጉሜን ተጨምራ 35 ቀን። ከመስከረም 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ሦስት ወር፣ 90 ቀን። ድምሩ 275 ነው፤ ሳንቲም አይጎድልም። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን አንድ ቀን ትርፍ ይመጣል። ያንን ለማቻቻል በሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. እንደገና እንዲሁ ይሆናል። በየአራት ዓመቱ «ዘንድሮ ገና ለምን በ28 ሆነ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ማለት ነው። ዛሬ ጃንዋሪ 7 ላይ የሚውለው እኛ ስለዘገየን ሳይሆን፣ አውሮፓውያን በ1582 ዓ.ም. ካሌንደራቸውን ስላሻሻሉ ነው። ያኔ አሥር ቀን ዘለሉ፤ ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። በዓሉ ወደ ምሥራቅ የመጣውም ቀስ ብሎ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 ዓ.ም. በአንጾኪያ ሲሰብክ ይህ ቀን በከተማው ከታወቀ አሥር ዓመት እንኳ እንዳልሞላው ተናግሯል። በእስክንድርያ በ432 ዓ.ም. በዚሁ ቀን የልደት ስብከት ተሰብኳል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስትቀበል የኖረች ናት። የመጀመሪያው ጳጳሳችን መጠሪያም «ብርሃንን የገለጠ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል።

በኢትዮጵያ ገናና ብርሃን አንድ ላይ የሚታዩበት ቦታ ማለት ላሊበላ ነው። ታኅሣሥ 29 በአገሬው ትውፊት የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው። ገድሉ እንደሚለው ሲወለድ ንብ ከበበው፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስሙን አወጣችለት። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲያስፈለፍል ቀን ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ መላእክት ሰዎቹ ከሠሩት በላይ ይሠሩ ነበር ይላል ትውፊቱ። ቤተ አባ ሊባኖስን ደግሞ ባለቤቱ መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንዲት ሌሊት አሠራችው ይባላል። ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መስቀል ክብራ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ቅድስት ተብላ የምትታሰብ ንግሥት ሆና ሳለ።

ከቤተ ገብርኤል ወገን ወደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት የሚያሻግር ድቅድቅ ያለ የዋሻ መንገድ አለ፤ «ሲኦል» ይሉታል። ምእመናን መብራት ሳይዙ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ የፊተኛውን ሰው ነጠላ ይዘው ያልፉታል፤ በዚያኛው ጫፍ ብርሃን ላይ ይወጣሉ። እንግዲህ ትምህርቱ በድንጋይ ተጽፏል ማለት ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው በእግሩ ያነበዋል። በገና ዕለት ጠዋት ደግሞ በቤተ ማርያም፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ላይ ካህናቱ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይዘምራሉ፤ ከታች በግቢው የቆሙት ይቀበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው። ሉቃስ እንደጻፈው እረኞቹ መንጋቸውን የሚጠብቁት በሌሊት ነበር፤ የጌታ ክብር በዙሪያቸው ያበራው ያኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. ገና ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋውጣ ገና ሳምንታት ቢሆናትም በዓሉ አልቀረም። የመጣው ምእመን ከቀድሞው ቁጥር ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ከበዓሉ በሚገኝ ገቢ የሚኖሩት አስጎብኚዎች፣ አልጋ አከራዮችና ጧፍ ሻጮች ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ሳምንት ነው።

ጧፍ ሻጮች ካልኩ አይቀር፣ ወደ ጧፉ ልግባ።

በሌሊቱ ማኅሌት ካህኑ መጽሐፉን የሚያነበው፣ ደብተራው የሚያዜመው፣ ምእመኑ በእጁ ይዞ የሚቆመው በጧፍ ነው። ጧፍ ሁለት ነገር ነው፤ ፈትልና ሰም። ሁለቱንም ወደ ኋላ ብንከተላቸው ሴት እጅ ላይ እናርፋለን። ሰሙ የሚገኘው ከማር ነው። ጠጅ ሲጠመቅ ከላይ የሚቀረው ሰፈፍ ይሰበሰባል፤ ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ሰም ይሆናል። ጠጅ የሚጥሉት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗ በየመድረኩ ይነገራል፤ ከዚያ ሰም ብዙው በጠጅ ጣዮች ጓዳ ማለፉ ግን አይነገርም።

ፈትሉ ደግሞ ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ፈታይዋ ግን ሴት ናት። ለጧፍ የሚሆነው ክር ተደራርቦ ከተገመደ በኋላ በቀለጠው ሰም ውስጥ እየተነከረ ይወጣል፤ ሰሙ ሳይደርቅ በእጅ ይድቦለቦላል። ፈትሉ ቀጥኖ ካልተፈተለ ጧፉ እያንዠረገገ ይበላል፣ ይንጠባጠባል፣ ያጨሳልም። የሰሙ ነገርም እንዲሁ ነው። ገበያ ላይ ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚሠራው የሻማ ሰም የተቀላቀለበት ጧፍ ይሸጣል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ጥላሸቱም ሥዕሉንና ጣሪያውን ያጠቁራል። የአጥቢያችን አንድ አባት ጧፍ ሲገዙ መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ከዚያ በጥርሳቸው ይነክሱታል። ነጋዴው ሲስቅባቸውም አይጨነቁም።

በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። በሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ቢሆን መቅደሱ የካህናት ነው። ይህን ለክርክር አላነሳሁም፤ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። የምለው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚበራው ጧፍ መሐል ያለው ክር የፈታዮች ነው። የንጉሡ ስም ተጽፏል፤ የመስቀል ክብራም በትንሹ ተጽፏል። ስምንት መቶ ዓመት የገናን ሌሊት ያበራውን ክር የፈተሉት ግን በማንም መዝገብ የሉም። እኔ ሥራዬ መዝገብ ስለሆነ ይህ ከሌላው ይበልጥ ያሳስበኛል። ያልተመዘገበ ነገር ዋጋ ሊወጣለት አይችልም፤ ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ ሲሸጥ እንደ ችሮታ ነው የሚታየው። ፈታይዋ አንድ ልቃቂት ለመፍተል ስንት ቀን እንደፈጀባት ማንም ሳይጠይቃት ነጋዴው የሰጣትን ተቀብላ የምትሄደው ለዚህ ነው።

በራሳችን ማኅበር መዝገብም ይኸው ይታያል። የአባላት ቅጽ ላይ «ሥራ» በሚለው ዓምድ ከእናቶቻችን የብዙዎቹ የተሞላው «የቤት እመቤት» ተብሎ ነው። ከእነዚህ መካከል በእንዝርት የሚተዳደሩ፣ ጠጅ ጥለው ሰፈፉን ለጧፍ ሠሪ የሚያስረክቡ እንዳሉ ቁጠባ ሲያስገቡ ከወሬያቸው እሰማለሁ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የሚያስገቡት ከፍ ይላል፤ የገና ጧፍ የሚሠራው ያኔ ነውና። ከገና በኋላ ደግሞ ብድር የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው፤ የጥጥ መግዣ አጥተው። ብድር ኮሚቴው «ሥራ የሌላት» የሚል ወረቀት ከፊቱ ሲያገኝ ጥያቄውን ወደ መጨረሻ ያዘዋውረዋል። ኮሚቴው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቅጹ የነገረውን ነው የሚያምነው።

ስለዚህ ለጥር ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አንደኛው ዓምዱ እንዲስተካከልና ፈታይ፣ ጠጅ ጣይ፣ ጧፍ ሠሪ የሚሉ መደቦች እንዲገቡበት ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለጥጥና ለሰም መግዣ የሚሆን አነስተኛ ብድር እንዲፈቀድና ከገና ሽያጭ በኋላ እንዲመለስ ነው። የብድሩን ጣሪያና የመመለሻውን ጊዜ ኮሚቴው ይወስን። ለዚህ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ለመስጠት ደጋፊዎቻችን ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ከሌላው ሒሳብ ተለይቶ በራሱ መዝገብ ይያዛል። ፈታይ የሆናችሁ እናቶች ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 20 ቢሮ እየመጣችሁ፣ አንድ ልቃቂት በስንት ቀን እንደምትፈትሉና በስንት ብር እንደምትሸጡ ንገሩኝ። ከሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት አለሁ፤ ቅጹን እኔ ራሴ እሞላዋለሁ።