የእብድ ገላጋይ ዲግሪ

ሕክምና የደረሰው ተማሪ እልል ይባልለታል፡፡ ምሕንድስና የደረሰው ይመረቃል፣ ይሳማል፡፡ «ሳይካትሪ ነርሲንግ» የደረሰውስ? መጀመሪያ ቤቱ ዝም ይላል፡፡ ከዚያ አንዱ አጎት «አይዞህ፣ ትቀይረዋለህ» ይላሉ፡፡ አክስት ደግሞ «እንዴ! እብድ ለመጠበቅም ዲግሪ አለው?» ይላሉ፡፡

የአክስት አነጋገር የንቀት ቢመስልም ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፡፡ ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን ይዘን ታሪክ ልናገላብጥ ነው፡፡ እብድ ለመጠበቅ (ቃሉ የአክስት ነው፣ የእኛ አይደለም) ትምህርት ያስፈለገው ከመቼ ጀምሮ ነው? ማንስ አሰበው? ለምንስ ይህን ያህል ዘገየ?

ያገኘነውን መልስ ከወዲሁ እናስቀምጠውና በኋላ ተከራከሩን፡፡ የአስታማሚ ክብር የታማሚውን ክብር እግር በእግር ይከተላል፡፡ ታማሚው ሰው ካልተባለ አስታማሚው ዘበኛ ነው፡፡ ታማሚው ሰው የተባለ ቀን አስታማሚው ተማሪ ቤት ይገባል፡፡ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

እንግዲህ ከፓሪስ እንጀምር፡፡ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቢሴትር በሚባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን በብረት ሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር፡፡ «ሰንሰለቱን ያስፈታው ማነው?» ቢባል የሕክምና ታሪክ የቀመሰ ሁሉ «ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል» ብሎ ይመልሳል፡፡ ዶክተሩ ሕሙማንን ከሰንሰለት ሲያስፈታ የሚያሳይ ስመ ጥር ሥዕልም አለ፡፡ ነገር ግን በቢሴትር በ1797 ሰንሰለቱ ሲወልቅ ፒኔል ሳልፔትሪዬር ወደተባለው ሌላ ሆስፒታል ተዛውሮ ነበር፡፡ ያስወለቀው ዣን ባፕቲስት ፒዩሳን የተባለ የክፍሉ ኃላፊ ነው፡፡ ፒዩሳን ሐኪም አልነበረም፤ ሙያው ቆዳ ፋቂነት ነበር፡፡ በአንገት እጢ ሕመም ታሞ እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ዳነና በዚያው ተቀጥሮ ቀረ፡፡ ከሚስቱ ጋር ሆኖም ሕሙማኑን ያስተዳድር ነበር፡፡ ረዳት ሲፈልግ ታመው ከዳኑት መካከል ይመርጣል፤ መምታትንም ይከለክል ነበር፡፡ ፒኔል ራሱ ከዚህ ሰው ብዙ መማሩን ጽፏል፡፡ የሆነው ሆኖ ሥዕሉ የዶክተሩ ነው፤ የፒዩሳንን ስም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፡፡ የዚህ ሙያ ታሪክ ብዙ ቦታ ላይ ይህንኑ ይመስላል፡፡

ወደ እንግሊዝ እንሻገር፡፡ በዮርክ ከተማ ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች በዊልያም ቲዩክ መሪነት በ1796 «ሪትሪት» የተባለ ቤት ከፈቱ፡፡ እዚያ ታማሚው እንደ እንግዳ ሻይ ይጠጣል፣ አትክልት ይኮተኩታል፣ ያወራል፡፡ በጎ ሐሳብ ነው፤ ግን ሐሳቡን ቀኑን ሙሉ በሥራ የሚያውለው ማነው? ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፡፡ ከታማሚው ጋር የሚውለውና የሚያድረው ደመወዙ ትንሽ፣ ሰዓቱ ረጅም፣ ወገቡ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለው ጠባቂ ነው፡፡ ይህን ያስተዋለው ዶክተር ዊልያም ብራውን በ1854 ስኮትላንድ ውስጥ በደምፍሪስ፣ ክራይተን በተባለው ተቋም፣ ለጠባቂዎች ተከታታይ ትምህርት መስጠት ጀመረ፡፡

ከዚያ በ1885 የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለጠባቂዎች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ በሽፋኑ ምክንያት «ቀዩ መጽሐፍ» ይሉታል፡፡ በ1891 ደግሞ አገር አቀፍ ፈተና ተፈትነው የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ሥርዓት ሥራ ጀመረ፡፡ በአሜሪካም ከ1882 ጀምሮ በማክሊን ሆስፒታል ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ነበር፡፡ ልብ በሉ፤ መጽሐፉንም ፈተናውንም ያዘጋጁት ሐኪሞች ናቸው፡፡ ቢሆንም በር ተከፈተ፡፡

ግን በሩን የሚገፋም አልጠፋም፤ የገፋው ደግሞ ራሱ የነርሶች ወገን ነው! በ1890ዎቹ የእንግሊዝ ነርሶች ማኅበር የአእምሮ ሕሙማን ጠባቂዎችን ይቀበል አይቀበል ተብሎ ክርክር ተነሣ፡፡ ለነርሶች ምዝገባ ዕድሜዋን የታገለችው ወይዘሮ ቤድፎርድ ፌንዊክ አጥብቃ ተቃወመች፡፡ በእሷ አስተያየት በእብዶች ቤት ብቻ የሠራ ሰው «የሠለጠነ ነርስ» ሊባል አይገባውም ነበር፡፡ በ1919 የነርሶች ምዝገባ ሕግ ሲወጣ የአእምሮ ነርሶች መዝገቡ ውስጥ ገቡ፡፡ የገቡት ግን በዋናው ክፍል ሳይሆን «ተጨማሪ» በተባለው ክፍል ነው፡፡ የአክስት ጥያቄ በሕግ ተጽፎ ሲነበብ ይህን ይመስላል፡፡

«ታዲያ ትምህርት ሲስፋፋ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ማለት ነው» የምትሉ ካላችሁ ቆዩ፡፡ ታሪክ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፡፡

«የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይላል ያገራችን ተረት፡፡ በናዚ ጀርመን ተረቱ ቃል በቃል ተፈጸመ፡፡ በ1940 እና በ1941 በስድስት ማዕከሎች ወደ 70,000 የሚጠጉ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በጋዝ ተገደሉ፡፡ የጋዙ ግድያ በነሐሴ 1941 እንዲቆም ከታዘዘ በኋላም መግደሉ በመርፌ፣ በኪኒንና በረሃብ ቀጠለ፡፡ መርፌውን የያዘው እጅ ብዙ ጊዜ የነርስ እጅ ነበር፡፡ በ1945 የአሜሪካ ጦር ፍርድ ቤት በሃዳማር ተቋም የፖላንድና የሶቪየት የጉልበት ሠራተኞችን በመግደል ከፈረደባቸው ሰባት ሰዎች መካከል ዋና ነርሷ ኢርምጋርድ ሁበር ትገኝበታለች፡፡ ሁለት ወንድ ነርሶች ደግሞ በስቅላት ተቀጡ፡፡ እነዚህ ሰዎች አልጋ ማንጠፍ፣ መድኃኒት መለካት፣ መዝገብ መያዝ ያውቁ ነበር፡፡ የሥራ ልምድ አልጎደላቸውም፡፡ የጎደለው ታማሚው ሰው ነው የሚለው እምነት ነው፡፡ እሱ ሲጎድል ሙያው ድንጋይ ማቀበያ ይሆናል፡፡

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት፣ በ1952፣ ተገጣጠሙ፡፡ ፓሪስ ውስጥ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት ጀመሩ፡፡ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሂልደጋርድ ፔፕላው የተባለች ነርስ በነርስና በታማሚ መካከል ስላለው ግንኙነት መጽሐፍ አሳተመች፡፡ የመጽሐፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፤ ነርሷ ከታማሚው ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት ራሱ ሕክምና ነው፡፡ ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ዝም ማለት፣ የራስን ፍርሃት ማወቅ ሁሉ የሚጠናና የሚለማመዱት ሥራ ሆነ፡፡ ለአክስት የሚነገረው መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው፡፡ ዲግሪው ቁልፍ ለመያዝ አይደለም፤ ቁልፍ ለመያዝማ የሦስት ቀን ሥልጠና ይበቃል፡፡ በእንግሊዝ ዛሬ የአእምሮ ጤና ነርስነት ከአራቱ የነርስነት ዘርፎች አንዱ ነው፡፡ ከ2013 ወዲህ ወደ ሙያው የሚገባ አዲስ ተማሪ ዲግሪ ይጠበቅበታል፤ ጊዜውም ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በሥራ ላይ ያልፋል፡፡ ከ«ተጨማሪ መዝገብ» እስከዚህ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፡፡

የእኛስ?

በአገራችን ነርስነት ልዕልት አግኝቷል፡፡ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች፡፡ በ1942 በወጣትነቷ ስታርፍም በስሟ ሆስፒታል ተሠርቶላታል፡፡ የአእምሮ ነርስነት ግን ልዕልት አላገኘም፡፡ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውን የአማኑኤልን ሆስፒታል ነው፡፡ አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ፡፡ ለቀረው ሕዝብ አስታማሚው ቤተሰብ ነበር፤ ሐኪም ቤቱም ጠበል፡፡ ገመድና ሰንሰለትም ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፡፡ አስረው የሚያኖሩት ሁሉ ጨካኞች አይደሉም፡፡ ብዙዎቹ ሌላ መላ ያጡ እናትና አባት ናቸው፡፡

ሌላው መላ መምጣት የጀመረው በ1987 ነው፡፡ በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ አማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና የሚያሠለጥን የአንድ ዓመት ትምህርት ተጀመረ፡፡ ሠልጣኞቹ ተመርቀው አዲስ አበባ ላይ አልተከማቹም፡፡ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች በተከፈቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተመደቡ፡፡ እዚያ ሲደርሱ የሚያማክሩት ስፔሻሊስት ሐኪም የለም፡፡ መርምሮ በሽታውን የሚለየው ነርሱ፣ መድኃኒት የሚያዘው ነርሱ፣ ቤተሰቡን «ገመዱን ፍቱለት» ብሎ የሚያግባባውም ነርሱ ነው፡፡ በሌላው ዓለም የሐኪም ድርሻ የሆነውን በእኛ አገር ነርስ ተሸከመው፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት የጀመረው በ2003 ነው፡፡ ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች ከአንድ ደርዘን አይበልጡም ነበር፡፡ እነሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነበሩ፡፡ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ክፍለ ሀገሩን የያዘው ማን እንደነበረ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፡፡ ከዚያ በኋላ ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቆይቶም በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ጀመሩ፡፡

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሙያ ለምን «ትቀይረዋለህ» ይባልበታል? እኛ ምክንያቱ ከትምህርቱ የሚገኝ አይመስለንም፡፡ ምክንያቱ አፋችን ላይ ነው፡፡ ጓደኛችን ያልተለመደ ሐሳብ ሲያመጣ «አማኑኤል ግባ» ብለን የምንስቅ እኛው ነን፡፡ የታመመውን ሰው ቀልድ ካደረግነው እሱን ለመርዳት አራት ዓመት የሚማረውን ልጅ በምን አንደበት እናከብረዋለን? የነርሱን ደመወዝና ማዕረግ መንግሥት ያሻሽል ብሎ መጮህ ተገቢ ነው፤ እኛም እንጮኻለን፡፡ ግን ከፒዩሳን ጀምሮ ያየነው ታሪክ የሚለው ሌላም ነገር አለ፡፡ መጀመሪያ ከፍ ማለት ያለበት አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው፡፡ እሱ ከፍ ሲል አጠገቡ የተቀመጠውም አብሮ ከፍ ይላል፡፡

በ1987 ወደ ሥልጠናው የገቡት ነርሶች ሲገቡ እልል ያለላቸው ስለመኖሩ እንጠራጠራለን፡፡ እልልታው ዘግይቷል፡፡ ቢዘገይም አልመሸም፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ተማሪዎቻቸው ገና አልተመረቁም፡፡