መሀለኛዋ ስፒከር

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እናታችሁ በማታውቁት ቁጥር ደውላ «ሄሎ» ብትላችሁ፣ እሷ መሆኗን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል? «ሄሎ»ዋን ሳትጨርስ ነው የምታውቋት። አሁን ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ፦ መደበኛው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ግን ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። ከታች ያለው ጉርምርምታ፣ ከላይ ያለው ፉጨት ሁሉ ተቆርጦ ተጥሏል፤ እናታችሁ ግን አሁንም እናታችሁ ናት።

ታዲያ ስፒከር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዉፈሩ ነው። ስንት ኢንች ነው? ግድግዳ ያንቀጠቅጣል ወይ? ትንሽ የነቃ ከሆነ ስለ ቲዊተሩ ይጨምራል። መሀል ላይ ስላለችውና ባለሙያዎቹ ሚድሬንጅ ስለሚሏት የሚጠይቅ የለም። ለየት የሚሉት ስፒከራቸውን በገዛ እጃቸው የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። እነሱ ማግኔቱን፣ ኮይሉንና ኮኑን አንድ ላይ የያዘውን ዕቃ ለብቻው ይገዙና (ድራይቨር ይሉታል) ሳጥኑን በራሳቸው መጋዝ ቆርጠው፣ ሽቦውን ራሳቸው በይደው ሃይ ፋይ ይሠራሉ። ሁለቱ ከተገናኙ ደግሞ የማያልቀው ክርክር የሚነሣው በሚድሬንጅ ላይ ነው። ወረቀት ይሻላል፣ የለም ፕላስቲክ ነው፣ የለም ጉልላት የሚመስለው ነው!

ክርክሩ የገባኝ ጋዜጠኝነት ስማር ነው። የራሴን ድምፅ ቀርጬ በተለያዩ ስፒከሮች ሳዳምጠው አንዱ ላይ ጉንፋን የያዛት፣ ሌላው ላይ በርሜል ውስጥ ገብታ የምትናገር ሴት ሆኜ አገኘሁት። ያው ቅጂ፣ ያችው እኔ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ስፈልግ ታሪኩ እንግሊዝ አገር ወሰደኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወረቀት እንጀምር። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ስፒከር መልኩን የያዘው በ1925 ነው፤ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች ጥናታቸውን ባወጡ ጊዜ። ኮኑ የወረቀት ነበር። ወረቀት ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ እንደፈለጉ ቅርጽ ያወጡለታል። በ1932 ደግሞ ጊልበርት ብሪግስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ሰው፣ ዮርክሻየር ውስጥ ኢልክሊ በምትባል ከተማ፣ ቤቱ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ስፒከር መሥራት ጀመረ። የሠራውን ለብራድፎርድ ሬዲዮ ማኅበር ውድድር ላከው፤ አንደኛም ሁለተኛም ወጣ። ድርጅቱን በአካባቢው ሸለቆ ስም ዋርፍዴል አለው። እንግዲህ ከታላላቆቹ የእንግሊዝ ስፒከር ድርጅቶች አንዱ የተጀመረው ቤት ውስጥ በተሠራ ስፒከር ነው።

የወረቀቱ ችግር ምንድን ነው? ብርድ ልብስ ስታራግፉ አስቡት። ቀስ ብላችሁ ብታነሡት ሁሉም አብሮ ይነሣል። ፈጠን አድርጋችሁ ብታራግፉት ግን እጃችሁ ወርዶ ጫፉ ገና እየወጣ ነው። ኮንም እንደዚያው ነው። በዝቅተኛው ድምፅ ሙሉ ኮኑ እንደ አንድ አካል ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ንዝረቱ እየፈጠነ ሲመጣ መሀሉ ሌላ፣ ጠርዙ ሌላ ይሆናል፤ ያኔ ቅጂው ላይ ያልነበረ ድምፅ ይጨመራል። ዉፈር ከዚህ አደጋ ያመልጣል፣ ምክንያቱም የሚጫወተው ዝግ ባለው ክልል ነው። ቲዊተርም ትንሽ ስለሆነ ችግሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሚድሬንጅ ግን ብርድ ልብሱ መወናጨፍ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቦታው ደግሞ የሰው ድምፅ ያለበት ነው። ጆሯችን በሌላ ነገር ይታለል ይሆናል፤ በሰው ድምፅ ግን ከተወለድን ጀምሮ ሠልጥነናል።

ወረቀት ንዝረቱን በተፈጥሮው ትንሽ ውጦ ስለሚያስቀር ለዚህ መጥፎ አይደለም። ጣጣው ከአንዱ ማሰሮ የወጣው ከሌላው ጋር እኩል አለመሆኑ ነው። የፐልፑ ቅልቅል ይለያያል፣ እርጥበት ይገባዋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥንድ ስፒከር የሚሠራ ሰው ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ ሊያወጣበት ይችላል።

መድኃኒቱን ፈላጊ ሆኖ የተነሣው ሬይመንድ ኩክ ነው። ቢቢሲ ሠርቷል፣ ከዚያም ዋርፍዴል ገብቶ ከብሪግስ ጋር ሠርቷል። ብሪግስ በ1954 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሕዝብ ሰብስቦ ሙዚቀኞቹን በአካል፣ ቅጂውን በስፒከር እያፈራረቀ ያሰማ ደፋር ሰው ነበር። ኩክ ግን በወረቀት መቀጠል አልፈለገም። በ1961 ሜይድስቶን አጠገብ፣ ቶቪል ውስጥ፣ ኬንት ኢንጂነሪንግ ኤንድ ፋውንድሪ በተባለ ብረታ ብረት ድርጅት ቅጥር ግቢ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ስሙንም ከድርጅቱ ስም መጀመሪያ ፊደላት ወስዶ ኬፍ አለው። አብሮት የነበረው መሐንዲስ ማልኮልም ጆንስ ደግሞ የታሪካችንን ባለታሪክ ነደፈ፦ ቢ110።

ቢ110 አምስት ኢንች ገደማ የሆነች ጥቁር ድራይቨር ናት። ኮኗ ቤክስትሪን ከሚባል፣ ከፖሊስታይሪን ቤተሰብ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ በሉህ መልክ ይመጣና ሞቆ ቅርጹን ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር እንደ መንታ መሆን ነበረበት። «ነበረበት» ያልኩት አውቄ ነው። ቤክስትሪን ብቻውን ሲሆን ይጮኻል፤ ነፍናፋ ያደርጋል። ይህን ለማርገብ ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ቅብ ይቀባል። ቅቡ ኮኑን ያከብደዋል፣ ስለዚህ በዚያው ኃይል የሚወጣው ድምፅ ይቀንሳል። የቅቡ መጠን ከተለያየ ደግሞ ድምፁም ይለያያል። ከወረቀት ጣጣ ሸሽተን የት እንደደረስን እያያችሁ ነው?

አሁን ቢቢሲ ይገባል። ቢቢሲ ሃይ ፋይ ወዳድ ስለሆነ አይደለም፤ አንባቢው ማይክሮፎን ላይ የተናገረው እንዴት እንደሚወጣ የሚፈርድ ስፒከር ስለሚያስፈልገው ነው። የምርምር ክፍሉ ሰዎች፣ በተለይ ዱድሊ ሃርዉድ፣ አዲስ ስፒከር ሲፈትኑ ሙዚቃ ብቻ አያጫውቱም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ የሚናገረውን ሰው በአካል ይሰሙትና ተመልሰው በስፒከር ይሰሙታል። ለጋዜጠኛ ነፍስ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ዘዴ የለም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። የስቱዲዮዎችን የድምፅ ጠባይ በአንድ ስምንተኛ ባነሱ ሞዴሎች ያጠኑ ነበርና ለጥናቱ ትንሽ ስፒከር ሠሩ። በኋላ ሲያዳምጧት ከመጠኗ በላይ ሆና ተገኘች። የውጭ ስርጭት መኪና ውስጥ ደግሞ ትልቅ ስፒከር አይገባም፣ በሄድፎን መፍረድም አያጠግብም። ስለዚህ ለመኪናው የምትሆን አምስት ሊትር ገደማ ሳጥን ተሠራችና ኤልኤስ 3/5 ተባለች። ውስጧ ሁለት የኬፍ ድራይቨሮች አሉ፤ ከታች እስከ 3,000 ኸርዝ ገደማ ቢ110፣ ከዚያ በላይ ቲ27 የተባለች ቲዊተር።

ጥቂት እንደተሠሩ ሌላ ዙር ታዘዘ። አዲሶቹ ድራይቨሮች መጡ፣ ተለኩ፣ ከበፊቶቹ ጋር አልገጠሙም። ስሙ ያው ቢ110 ነው፣ መልኩ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ። ያ ሁሉ ምርምር፣ ያ ሁሉ የጆሮ ፍርድ የተገነባው ቢቢሲ በማያዘው ፋብሪካ ውስጥ በሚሠራ አንድ ዕቃ ላይ ነበር። እንደገና ከመጀመር ሌላ አማራጭ አልነበረም። እንደገና የተነደፈችው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለችው ናት፤ የምርምር ዘገባዋ በ1976 ወጣ።

በዚህ በሁለተኛው ንድፍ ዋናውን ሥራ የሠራው ክሮስኦቨሩ ነው፤ ማለትም ድምፁን ለዉፈርና ለቲዊተር የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት። ቢ110 አንድ ሺህ ኸርዝ ከፍ ሲል የምታሳየውን እብጠት የሚያስተካክል ክፍል አለው፤ የቲዊተሩንም መጠን ከቢ110 ጋር በደረጃ ማስማማት ይቻላል። በሌላ አነጋገር መሐንዲሶቹ «እንከን የሌለባት ሚድሬንጅ አምጡ» አላሉም። እንከኗን ለክተው ሰርኪዩቱን ለእንከኗ ሰፉት። ዋጋውን ግን ከፍለዋል፤ ኤልኤስ 3/5ኤ ለአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት የምታወጣው 83 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ለሠርግ አትሆንም።

ሮጀርስ፣ ቻርትዌል፣ ስፔንዶርና ሌሎችም በቢቢሲ ፈቃድ ሠርተዋታል። ለእኔ የሚገርመኝ ግን በዚያው ዘመን ቢ110ን ለብቻዋ ገዝተው ቤታቸው የወሰዱት ሰዎች ናቸው። ኬፍ ድራይቨሮቹን ለሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ቢ139 የተባለው ሞላላ ዉፈር፣ ቢ110 እና ቲ27 የተጣመሩበት ኮንቸርቶ የተባለው ሞዴልም ተገጣጣሚ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ማልኮልም ጆንስ ራሱ በ1972 ፋልከን አኩስቲክስን አቋቁሞ ለቤት ሠሪው ዕቃ ማቅረብ ጀመረ። በኮንቸርቶ ዓይነቱ ባለ ሦስት ክፍል ስፒከር ውስጥ ቢ110 ከባሱ ሸክም ትገላገላለች። ንጹሕ ሚድሬንጅ ሆነች ማለት ነው። ያው ድራይቨር፣ በሌላ ሳጥንና በሌላ ክሮስኦቨር፣ ሌላ ሰው ሆና ትናገራለች። ስለዚህ «ቢ110 እንዴት ናት?» ብሎ ብቻውን መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ከውቅያኖስ ማዶ ሌላ መንገድ ነበር። በአሜሪካ የኤድጋር ቪልቸር ድርጅት በ1958 ኤአር-3 የተባለውን ስፒከር ሲያወጣ ሚድሬንጁ ኮን ሳይሆን ሁለት ኢንች የሆነች ጉልላት ነበረች። የጉልላት ጥቅሙ ድምፁን ወደ ጎንም መበተኑ ነው፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ለተቀመጠውም ያካፍላል። ጉዳቱ ወደ ታች መውረድ አለመቻሉ። ስለዚህ ኤአር-3 ላይ ዉፈሩና ጉልላቷ የሚለያዩት 1,000 ኸርዝ ላይ ነው። አስቡት፣ የአንዲትን ዘፋኝ ድምፅ መሀል ለመሀል ቆርጦ ግማሹን ለአስራ ሁለት ኢንች የወረቀት ዉፈር፣ ግማሹን ለሁለት ኢንች ጉልላት መስጠት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥፋት ይመስላል። እነሱ ግን ከፋይን አርትስ ኳርቴት ጋር መድረክ ላይ አውጥተው ከሙዚቀኞቹ ጋር አፈራረቁት፤ ሰሚውም መለየት ቸገረው። እኔ ድምፁ ባይቆረጥ እመርጣለሁ፤ ግን ኤአር-3 ሁልጊዜ አፌን ያስይዘኛል።

ጉልላትን ወደ ታች ለማውረድ የተሳካለት ኤቲሲ ነው። በ1974 ለንደን ውስጥ በአውስትራሊያዊው ቢሊ ዉድማን የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ ኤስኤም75-150 የተባለችው ድራይቨሩ 75 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ጉልላት ናት። በድርጅቱ ባለ ሦስት ክፍል ስፒከሮች ከ380 እስከ 3,500 ኸርዝ ድረስ ብቻዋን ትሠራለች። ከስልኩ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት እስቲ! ዋጋዋና ማግኔቷ ግን ሁለቱም ከባድ ናቸው።

ሃርዉድስ? ከቢቢሲ ሳይርቅ ከቤክስትሪን የተሻለ ሲፈልግ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ደረሰ፤ ያው የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራበት። ንዝረትን ራሱ ይውጣል፣ ያ ሁሉ ቅብ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ቀለል ይላል። ችግሩ ሙጫ አይዘውም። ሃርዉድ በ1977 ሃርቤዝ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው በዚህ ኮን ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊፕሮፒሊን ዓለምን አዳረሰ። ለጀማሪ ሠሪ ዛሬም ይቅር ባይ የሆነው እሱ ነው፤ ብርድ ልብሱ ሲወናጨፍም በለስላሳው ስለሆነ ቀላል ክሮስኦቨር ይበቃዋል። አንዳንዱ ጆሮ ግን ለስላሳነቱን እንደ መደንዘዝ ይቆጥርበታል።

ወረቀት የሞተ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የዴንማርኩ ስካን-ስፒክ የወረቀት ኮኑን በስለት ይሰነጥቅና ስንጥቁን በሙጫ ይሞላዋል፤ ንዝረቱ ጠርዝ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዲቆረጥ። በጣም ውድ ከሆኑት ሚድሬንጆች መካከል ይገኛል። ብዙ ዓመት ዞረን ወረቀትን ቀደን ለመለጠፍ ማለት ነው።

ቢ110ም አልሞተችም። ኬፍ ድራይቨሮቹን ማቅረብ አቁሞ የኤልኤስ 3/5ኤ ምርት በ1990ዎቹ መጨረሻ ከቆመ በኋላ፣ ፋልከን በ2010ዎቹ ማልኮልም ጆንስን ይዞ እንደገና ሠራት። በቤክስትሪን፣ ከነቅቡ።

አሮጌ ቢ110 እጁ የገባ ሠሪ ግን ዛሬም መጀመሪያ የሚያደርገው ቢቢሲ ያደረገውን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይለካል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እኩል መሆናቸውን ማንም አይምልለትም። የሉሁ ቁጥር ባሱ እስከ የት እንደሚወርድ፣ ሳጥኑ ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት ይነግረዋል፤ ነፍናፋነትን አይነግረውም። ለዚያ የሚያውቀውን ሰው ደጅ፣ ግድግዳ ከሌለበት ቦታ አቁሞ ሁለት ደቂቃ ያናግርና ይቀርጻል። ከዚያ ሰውየውን ስፒከሩ አጠገብ ያቆመዋል። አንዴ ሰውየው፣ አንዴ ቅጂው፤ ሰሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ሙዚቃው የሚመጣው ይህ ካለፈ በኋላ ነው።