ትግል፣ እርሻና ዓለማያ፦ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከስፖርቱ አንጻር

በአገራችን ስለ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከዓለማያ ይነሳና እዚያው ያበቃል። ዩኒቨርሲቲው በኢትዮጵያ የእርሻ ትምህርት እንዲያቋቁም የተፈረመው የ1952ቱ ውል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይወሳሉ። መምህራኑን የላከው ተቋም በገዛ አገሩ ምን ዓይነት እንደነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ስሙ ሲነሳ የሚቀድመው የትግል ስፖርት ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊነበቡ አይገባም የሚል ነው። የመንግሥት እርሻ ኮሌጅ በሕግ የተሰጡት ሥራዎች ማስተማር፣ መመራመርና ዕውቀትን ገበሬው ዘንድ ማድረስ ነበሩ። ስፖርት በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈ አራተኛ ሥራው ሆነ።

መነሻው የ1862ቱ የሞሪል ሕግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍለ ግዛቶች መሬት እየሰጠ፣ ከመሬቱ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝበት የስቲልዋተር ከተማ አካባቢ በ1889 ለሰፋሪዎች ሲከፈት፣ ከነባር የአሜሪካ ሕዝቦች እጅ የወጣ መሬት በአንድ ቀን ሽሚያ ተከፋፍሎ አለቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ኮሌጁ በሕግ ተቋቋመ። በዲሴምበር 1891 ትምህርት ሲጀመር የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው ክፍሎቹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ። በ1896 ያስመረቃቸው ስድስት ወንዶች ብቻ ናቸው። «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም ያገኘው በ1957 ነው።

እንዲህ ያለ ድሃና ከከተማ የራቀ ኮሌጅ ከጎረቤቶቹ እኩል ሊቆም የቻለበት አንዱ መድረክ የትግል ምንጣፍ ነበር። ከ1916 እስከ 1940 ያሠለጠነው ኤድዋርድ ጋላገር ራሱ ታጋይ አልነበረም፤ ሯጭና የፉትቦል ተጫዋች የነበረ፣ ምህንድስና የተማረ ሰው ነው። አንድ ታጋይ በጉልበት ከሚበልጠው ሰው ጋር ሲያያዝ ክንድ የት ቢያዝ፣ ክብደት በየትኛው እግር ላይ ቢያርፍ ሚዛን እንደሚናጋ በማንሻ ሕግ እየተነተነ ያስተምር ነበር። ጡንቻ የሚጠይቀው ጨዋታ በእሱ እጅ የመካኒክ ትምህርት ሆነ ማለት ይቻላል፤ ለእርሻና መካኒክ ኮሌጅ ደግሞ ይህ ባዕድ ዕውቀት አልነበረም። ቡድኑ በ138 ግጥሚያዎች አሸንፎ በ5 ብቻ ተሸነፈ፤ በ4 አቻ ወጣ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ የኮሌጆች የትግል ሻምፒዮና በ1928 ያሸነፈው የእሱ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲው እስከ 2006 ድረስ 34 የቡድን ዋንጫዎችን ሰብስቧል። ከዩኒቨርሲቲው ታጋዮች አንዱ ጆን ስሚዝ በ1988 እና በ1992 የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል፤ ቡድኑንም ለሦስት አሥርት ዓመታት አሠልጥኗል።

በቅርጫት ኳስም አሠልጣኙ ሄንሪ አይባ የ1945ንና የ1946ን ብሔራዊ ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ኮሌጅ አልነበረም። ቁመቱ 2.13 ሜትር የነበረው የቡድኑ ተጫዋች ቦብ ከርላንድ ወደ ቅርጫቱ የሚወርደውን ኳስ ከአየር ላይ እየመታ ያስወጣ ስለነበር ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከሕጉም በኋላ ዋንጫው አልቀረም።

የዚህ ታሪክ ጨለማ ገጽም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1951 የድሬክ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ስቲልዋተር መጣ። ኮከቡ ጆኒ ብራይት ጥቁር ነበር። ኳሱን ለባልደረባው አቀብሎ፣ ከጨዋታው ርቆ ቆሞ ሳለ አንድ የባለሜዳው ተጫዋች መንጋጋውን መትቶ ሰበረው። የደ ሞይን ሬጅስተር ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ድርጊቱን በተከታታይ ምስሎች ስላስቀሩት «ድንገተኛ ግጭት ነው» ብሎ ማስተባበል አልተቻለም፤ ምስሎቹም የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ በጽሑፍ የጠየቀው በ2005 ነው። ኮሌጁ የመጀመሪያዋን ጥቁር ተማሪ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስን የተቀበለው ገና በ1949 ነበር፤ እሷም መጀመሪያ ላይ ከክፍሉ ውጭ ተቀምጣ እንድትከታተል ተደርጎ ነበር።

ከብራይት ጉዳት ሁለት ወር በኋላ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነጋገረው፣ በኋላም የአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም ኃላፊ የሆነው እሱ ነው። ውሉ ከሞቱ በኋላ ተፈረመ። ትምህርቱ ዓለማያ እስኪገነባ ጅማ ላይ ተጀምሮ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ቆዩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስቲልዋተርን የጎበኙት በጁን 1954፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ካለ ከአንድ ወር በኋላ ነው። አቀባበሉ በኮሌጁ ታሪክ ውስጥ በኩራት ይተረካል። እኔ ግን ከብራይት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ካልተነበበ ግማሹ ይጎድላል ባይ ነኝ፤ ለአፍሪካዊ ንጉሥ ግብር ያበላው ተቋም ከሦስት ዓመት በፊት ጥቁር ተጫዋች የተደበደበበት ነው።

ወደ ዓለማያ የተሻገሩት ሦስቱ ሥራዎች ናቸው፤ አራተኛው በውሉ ውስጥ አልነበረም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በኦክላሆማ ስፖርቱ የቆመው ከመምሪያ በመጣ ዕቅድ ሳይሆን፣ ልጁን ኮሌጅ ያልላከ ገበሬ ጭምር ቡድኑን «የእኛ» ብሎ በመያዙ ነው። በኋላ ግን ይህ ትስስር መልኩን ቀይሯል። በ1951 በጂኦሎጂ የተመረቀው የነዳጅ ባለሀብት ቡን ፒከንስ በ2005 መጨረሻ ለስፖርት ክፍሉ 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ስታዲየሙም በስሙ ይጠራል። በአንድ ባለጸጋ ልግስና የሚታነጽ ሜዳ የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ንብረት ነው ለማለት ያስቸግራል።

አገር አቋራጭ ሩጫ ከዚህ ሁሉ ራቅ ብሎ ያደገ ነው። ኮሌጁ በ1954፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጎበኙበት ዓመት፣ የወንዶቹን ብሔራዊ ዋንጫ አሸነፈ፤ ከዚያ በ2009፣ በ2010፣ በ2012 እና በ2023 ደገመው። በዚህ ዘመን የዩኒቨርሲቲውን ብርቱካናማ መለያ ከለበሱት መካከል ኢትዮጵያ የተወለዱት ግርማ መቼሶና ኪሩቤል ኤራሳ ይገኛሉ። የዓለማያ ምሩቃን ለሁለተኛ ዲግሪ ስቲልዋተር የሄዱት በመንግሥታት ስምምነት ነበር። እነዚህ ግን ያደጉት ጆርጂያ ውስጥ በስደተኛው ማኅበረሰብ መካከል ሲሆን፣ ስቲልዋተር የገቡት በሩጫ ነው።